የቆዩ ጽሑፎች ወደ አንባቢ የሚደርሱበት መንገድ ይታሰብበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ጋዜጣችሁ ከዚህ ቀደም ያወጣቸው ብዙ መልካም ጽሑፎች በድረ ገጻችሁ ላይ እያሉ ከአንባቢ ዐይን ስለሚሰወሩበት ሁኔታ ነው። ነገሩ የኮምፒውተር ባለሙያ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። የሥራ ዘመኔን በቤተ መጻሕፍት ካታሎግና በሰነድ አደረጃጀት ያሳለፍሁ እንደመሆኔ ግን፣ ጉዳዩ ከማሽኑ ይልቅ የአዘጋጁን እጅ የሚጠይቅ ሆኖ ስለሚታየኝ ለቴክኒክ ክፍሉ ሳይሆን ለእናንተ መጻፍን መርጫለሁ።

በቅርቡ ስለ ስኳር ሕመም ያወጣችሁት ተከታታይ ጽሑፍ ጥሩ ማሳያ ነው። በጥንቃቄ የተዘጋጀ፣ የሐኪሞችን ቋንቋ ለተራው አንባቢ የፈታ ሥራ በመሆኑ ምስጋና ይገባችኋል። ነገር ግን አራተኛው ክፍል ከወዳጁ በስልክ የተላከለት ሰው የቀደሙት ሦስት ክፍሎች የት እንዳሉ የሚያውቅበት መንገድ የለም። በጽሑፉ አናት ላይ «ካለፈው የቀጠለ» ተብሏል፤ ያለፈው በምን ርዕስ እንደወጣና እንዴት እንደሚገኝ ግን አልተነገረም። አነጋገሩ ለታተመው ጋዜጣ የሚበቃ ነበር፤ ተከታታዩን የሚያነብ ሰው ያለፈውን እትም በአጠገቡ እንዳስቀመጠ ይታሰብ ነበርና። በድረ ገጽ ላይ ግን እንዲህ ብሎ ማሰብ አይቻልም። የክፍሎቹ ርዕሶችም እርስ በርሳቸው ስለማይመሳሰሉ፣ ክፍል ሁለትን ለማግኘት ርዕሱን አስቀድሞ ማወቅ ግድ ይላል። ያ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ስለ መድኃኒት ሰዓትና ስለ እግር እንክብካቤ የሚያስረዳው፣ ለታማሚው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ነበር።

የችግሩ ሥር ድረ ገጾች ጽሑፍን የሚደረድሩበት ልማድ ነው። አዲሱ ከላይ ይቀመጣል፤ የትናንቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከፊት ገጹ ይወጣል፤ ከዚያም በወርና በዓመት ተከፋፍሎ «ማኅደር» ወደሚባለው ክፍል ገብቶ የውኃ ሽታ ሆኖ ይቀራል። ይህ አደራደር ለዕለት ዜና ተስማሚ ነው፤ የዛሬን ዜና የሚፈልግ ሰው የዛሬን ቀን ያውቃልና። ስለ አንድ ጉዳይ መረዳት የሚሻ ሰው ግን የሚያውቀው ጉዳዩን እንጂ ጽሑፉ የወጣበትን ቀን አይደለም። ስለ ኩላሊት ጠጠር ጥሩ ማብራሪያ ማንበቡ ትዝ የሚለው አንባቢ በየትኛው ወር እንዳነበበው ትዝ አይለውም፤ ጨርሶ አንብቦት የማያውቀው ደግሞ እንዲህ ያለ ጽሑፍ መኖሩን ስለማያውቅ ከነጭራሹ አይፈልገውም። በቀን የተደረደረ ማኅደር ለሁለቱም አይረዳም።

ከዚህ ጋር አብሮ መታየት ያለበት አንባቢው ወደ እናንተ የሚገባበት በር ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የጋዜጣን ፊት ገጽ ከፍቶ ርዕሶችን እየመረጠ አያነብም። በፍለጋ፣ ወይም በቴሌግራምና በፌስቡክ በተላከለት ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) ቀጥታ አንድ ጽሑፍ ላይ ያርፋል፤ ያንን አንብቦ ይወጣል። እንዲህ ላለው ሰው የፊት ገጹ ቢያምር ባያምር ለውጥ የለውም፤ አላየውም። ከእናንተ ጋር የተዋወቀው ባረፈበት በዚያ አንድ ጽሑፍ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጽሑፍ፣ የቆየውም ጭምር፣ ወደ ሌሎቹ የሚያሻግር መንገድ በራሱ ላይ መያዝ ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚቀለውና በእኔ ግምት ከሁሉ የሚጠቅመው እርምጃ፣ በአዲሱ ጽሑፍ ውስጥ ጉዳዩ በሚነሳበት ዐረፍተ ነገር ላይ ወደ ቀድሞው ጽሑፍ መጠቆም ነው። «የደም ግፊት መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ አደጋ አለው» ብሎ የሚያልፍ ዐረፍተ ነገር ጻፋችሁ እንበል። ስለዚሁ አደጋ ከዓመታት በፊት ሐኪም አነጋግራችሁ ያወጣችሁት ሰፊ ማብራሪያ ካለ፣ አንባቢው ያንን ማብራሪያ የሚፈልገው ልክ ይህን ዐረፍተ ነገር ባነበበበት ቅጽበት ነው። ማስፈንጠሪያው እዚያው ከተቀመጠለት ይሄዳል። ከገጹ ግርጌ «ተዛማጅ ጽሑፎች» በሚል ከሌሎች አምስት ርዕሶች ጋር ቢደረደርለት ግን፣ እስከ ግርጌው መድረሱም አጠራጣሪ ሆኖ፣ ቢደርስም ጥያቄው ከአእምሮው ወጥቷል።

የማስፈንጠሪያው ቃል ራሱ ወዴት እንደሚወስድ መናገር አለበት። «እዚህ ይጫኑ» ወይም «ተጨማሪ ያንብቡ» የሚለው ምንም አይናገርም፤ «መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ በሰውነት ላይ የሚደርሰው» የሚለው ግን አንባቢው ከመጫኑ በፊት ምን እንደሚያገኝ ያሳውቀዋል። ይህ የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዐይነ ስውራን የሚጠቀሙባቸው ገጽ አንባቢ ፕሮግራሞች ከአንዱ ማስፈንጠሪያ ወደ ሌላው እየዘለሉ እንዲያነቡ ማድረግ ይቻላል፤ በዚያ መንገድ የሚያነብ ሰው «እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ» የሚል ብቻ ይሰማል። የፍለጋ ሞተሮችም አንድ ገጽ ስለምን እንደሆነ ከሚገምቱባቸው ምልክቶች አንዱ ሌሎች ገጾች ወደ እሱ ሲጠቁሙ የሚጠቀሙበት ቃል ነው። በዚህ ረገድ ወደ ቆየ ጽሑፍ የሚጠቁም አንድ ግልጽ ሐረግ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ያሁኑን አንባቢ ያሻግራል፣ የነገውን ፈላጊም ይመራል።

በብዙ ድረ ገጾች የሚዘነጋው ግን የጥቆማው አቅጣጫ ነው። አዲሱ ጽሑፍ ወደ አሮጌው ቢጠቁምም አሮጌው ወደ አዲሱ አይጠቁምም፤ በተጻፈበት ጊዜ አዲሱ አልነበረምና። በፍለጋ የሚመጣው አንባቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በአሮጌው ላይ ነው፤ አሮጌው ለረጅም ጊዜ በመቆየቱ ብዙዎች ጠቁመውታል፣ የፍለጋ ሞተሮችም አውቀውታል። በዚህም የተነሳ አንድ ሰው ከአምስት ዓመት በፊት የተጻፈውን አንብቦ፣ ባለፈው ወር ያወጣችሁትን የተሻለ ጽሑፍ ሳያይ ይሄዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር ከእሱ ጋር የሚዛመዱ ሁለት ወይም ሦስት የቆዩ ጽሑፎችን ከፍቶ «በዚህ ጉዳይ ላይ በኋላ የወጣ» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ነው። ለተከታታይ ጽሑፎች ደግሞ የክፍሎቹን ሙሉ ዝርዝር አንድ ቦታ አዘጋጅቶ በሁሉም ክፍሎች ላይ እንዲታይ ማድረግ ይሻላል። አምስተኛው ክፍል ሲጨመር ዝርዝሩን አንዴ ማስተካከል ይበቃል፤ የመጀመሪያውን ክፍል የሚያነብ ሰውም አምስተኛው መኖሩን እዚያው ያያል።

እንዲህ ያለው ሥራ በጋዜጣ ዓለም አዲስ ነገር አይደለም። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ትልልቅ ጋዜጦች የታተሙ ጽሑፎችን የሚያከማች ክፍል ነበራቸው። በዚያ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች በየዕለቱ ጋዜጣውን በመቀስ እየቆረጡ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቀን እየመቱ፣ አጥፈው በፖስታ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው አንድን ጽሑፍ የሚቆርጡት ከአንድ ቅጂ ብቻ አለመሆኑ ነው። አንድ ሚኒስትር አዲስ ሆስፒታል ስለመመረቁ የወጣ ዜና ቢኖር አንዱ ቁራጭ በሚኒስትሩ ስም ወደተከፈተው ፖስታ፣ ሌላው በሆስፒታሉ ስም ወዳለው፣ ሦስተኛው ደግሞ «ጤና ጥበቃ» ወደሚለው ይገባል። ከወራት በኋላ አንድ ዘጋቢ ከሦስቱ በየትኛውም መንገድ ቢመጣ ያገኘዋል። የአሜሪካው ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ከዚህ አልፎ ከ1913 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጽሑፎቹን የርዕሰ ጉዳይ ማውጫ እያሳተመ ለቤተ መጻሕፍት ያቀርብ ነበር። ያ በመቀስ የሚሠራ ሥራ ያገለግል የነበረው በአብዛኛው የጋዜጣውን ሠራተኞች ነበር፤ ዛሬ ያለ መቀስና ያለ ፖስታ ለአንባቢው ሁሉ ክፍት ማድረግ ሲቻል፣ አብዛኞቹ ድረ ገጾች ግን አንድን ጽሑፍ «ማኅበራዊ» ወይም «ጤና» በሚል አንድ ዐምድ ሥር ብቻ አስቀምጠው ያልፋሉ።

በየጽሑፉ ላይ የሚለጠፉት፣ ሲጫኗቸው በዚያው ቃል የተመደቡ ጽሑፎችን የሚያወጡት መለያ ቃላት ይህን ክፍተት እንዲሞሉ የታሰቡ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ግን በብዙ ቦታ ሲሠሩ አላየሁም። ምክንያቱም እያንዳንዱ ጸሐፊ በዚያ ቀን የመጣለትን ቃል ስለሚጽፍ ነው። በድረ ገጻችሁ ላይ «ጤና»፣ «ጤንነት»፣ «የጤና ጉዳይ» እና «ጤና ነክ» የሚሉ አራት የተለያዩ መለያዎች አሉ፤ አንዱን የተጫነ አንባቢ በሌሎቹ ሥር ያሉትን አያይም። አንድ ጽሑፍ ብቻ የያዙ መለያዎችም ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ እነዚህን የሚጫን ሰው ተመልሶ አሁን ወዳነበበው ጽሑፍ ራሱ ይደርሳል። በቤተ መጻሕፍት ሙያ ለዚህ የቆየ መፍትሔ አለ። ለአንድ ጉዳይ አንድ ቃል ብቻ ይመረጣል፤ ሌሎቹ ቃላት አይጣሉም፣ ነገር ግን በእነሱ የመጣ ሰው ወደተመረጠው ይመራል። በካርድ ዘመን «ጤንነት» በሚለው ካርድ ላይ «ጤና የሚለውን ይመልከቱ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ለአንድ ጋዜጣ መቶ ያህል የተመረጡ ርዕሰ ጉዳዮች የሚበቁ ይመስለኛል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጸሐፊው ዝርዝሩን ማየት ትቶ እንደገና የራሱን ቃል መፍጠር ይጀምራል።

ርዕሰ ጉዳዮቹ ከተመረጡ በኋላ ለዋና ዋናዎቹ ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ቢዘጋጅ መልካም ነው። ይህን ስል በዚያ መለያ ሥር የወጣውን ሁሉ ከአዲስ ወደ አሮጌ የሚደረድር ገጽ ማለቴ አይደለም፤ ያ የማኅደሩ ችግር በትንሹ መደገሙ ነው። የምለው ጉዳዩን የሚያውቅ አዘጋጅ በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች መግቢያ ጽፎለት፣ ከብዙዎቹ ስድስት ወይም ሰባት ጽሑፎችን መርጦ፣ አንድ አዲስ አንባቢ ሊያነባቸው በሚገባው ቅደም ተከተል ያስቀመጠበትን ገጽ ነው። መጀመሪያ መሠረቱን የሚያስረዳው ይመጣል፣ ምንም እንኳ ከሁሉ የቆየው እሱ ቢሆን። ክርክር ካለበት የሁለቱም ወገን ጽሑፍ ጎን ለጎን ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን ምርጫ ማሽን አያደርገውም፤ ወይም በእናንተ ዘንድ ያለውን ያህል የጉዳዩን ታሪክ አያውቅም።

በማሽን የሚሞሉ ሳጥኖችን በተመለከተ ጥርጣሬዬን አልደብቅም። «በብዛት የተነበቡ» የሚለው ሳጥን ራሱን በራሱ ይመግባል፤ እዚያ ውስጥ የገባ ጽሑፍ በመታየቱ ይነበባል፣ በመነበቡም እዚያው ይቆያል። አንዳንዴም የቆየ ጽሑፍን ያለ ቀኑ ጎትቶ ያወጣል። በመስከረም 2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የደረሰው የዚህ ማስረጃ ነው። ዩናይትድ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2002 እ.ኤ.አ. ከኪሳራ የሕግ ጥበቃ መጠየቁን የሚገልጽ የዚያን ጊዜ ዜና፣ አንባቢ በሚያንስበት ሰዓት ስለተከፈተ ብቻ በአንድ የፍሎሪዳ ጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ «በብዛት የታዩ» ከሚለው ሳጥን ውስጥ ገባ። በጽሑፉ ላይ የወጣበት ቀን አልተጻፈም ነበር። የጎግል መረጃ ሰብሳቢ ፕሮግራም አዲስ ዜና መስሎት መዘገበው፤ ከዚያ የወሰደ ሰው ደግሞ ለአክሲዮን ነጋዴዎች ዜና በሚያደርሰው በብሉምበርግ የመረጃ መስመር አስተላለፈው። አየር መንገዱ ከዚያ ሂደት በ2006 እ.ኤ.አ. ወጥቶ የነበረ ቢሆንም፣ 12 ዶላር ገደማ የነበረው የአክሲዮኑ ዋጋ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ 3 ዶላር ወረደ፤ ስሕተቱ ታውቆ ግብይቱ ለጊዜው እስኪቆም ድረስ። በዕለቱ መጨረሻ አብዛኛው ቢመለስም በመሀል የሸጡ ሰዎች ከስረዋል።

የቆየ ጽሑፍ ሲወጣ ዕድሜውን ይዞ መውጣት አለበት የምለው ለዚህ ነው። የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆዩ ጽሑፎቹ በማኅበራዊ መገናኛ ሲጋሩ ዕድሜያቸው በምስሉ ላይ ጭምር እንዲታይ አድርጓል፤ ዓመታት ያለፋቸው ዜናዎች እንደ አዲስ ሲዘዋወሩ በማየቱ ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር አለ። በጽሑፉ ግርጌ «2010» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ አንባቢው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም፤ ልዩነቱም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ድረ ገጻችሁ አንዳንድ ጊዜ ቀኑን በኛ አቆጣጠር፣ አንዳንድ ጊዜ ማሽኑ ራሱ በሚሰጠው በአውሮፓውያኑ ያትማል። አንዱን መርጦ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ሳይዘነጉ መጻፍ፣ ከተቻለም ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይገባል። አሮጌ ጽሑፍን ቀኑን ብቻ ለውጦ እንደ አዲስ ማውጣት ግን ጨርሶ ሊታሰብ አይገባም፤ አንዳንድ ድረ ገጾች ይህን እንደ ብልሃት ይዘውታል፣ እኔ ግን ከማታለል ለይቼ አላየውም።

አሁን ወደ ፍለጋው ልምጣ፤ በአማርኛ ለሚያነብ ሰው ከሁሉ የከፋው ችግር ያለው እዚህ ነውና። አስቀድሜ ግን ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ላንሳ። በ1853 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ታይምስ ነፃ ሰው ሆኖ ሳለ ታፍኖ በባርነት ስለተሸጠው ስለ ሰለሞን ኖርዘፕ ታሪክ ዘግቦ ነበር። በእሱ ሕይወት ላይ የተሠራ ፊልም በ2014 እ.ኤ.አ. ኦስካር ሲያገኝ ጋዜጣው ያን የ161 ዓመት ዘገባ ለአንባቢዎቹ ጠቆመ፤ ብዙ ሰውም ተቀባበለው። ያኔ አንድ አንባቢ የሰውዬው የአባት ስም በርዕሱ ላይ በአንድ ዐይነት፣ በጽሑፉ ውስጥ በሌላ ዐይነት፣ ሁለቱም ጊዜ በተሳሳተ ፊደል መጻፉን አስተዋለ፤ ጋዜጣውም ከ161 ዓመት በኋላ እርማት አወጣ። ስሙን በትክክለኛ ፊደሉ ለፈለገ ሰው ያ ዘገባ ከፍለጋ ውጭ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

እዚያ በስሕተት የደረሰው በእኛ ዘንድ ያለ ስሕተት በየቀኑ ይደርሳል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጀመሪያውን ፊደል በ«ፀ» ወይም በ«ጸ»፣ ሁለተኛውን በ«ሐ»፣ በ«ሀ»፣ በ«ኀ»፣ በ«ሓ»፣ በ«ሃ» ወይም በ«ኃ» መጻፍ ይቻላል፤ ሲነበቡ አንድ የሆኑ አሥራ ሁለት አጻጻፎች ማለት ነው። በሰው ዐይን አንድ ቢሆኑም ለፍለጋ ፕሮግራሙ አሥራ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሥራ» ብሎ የፈለገ «ስራ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም፤ «ዓለም» ያለ «አለም»ን አያይም። አዘጋጆቻችሁ ሁሉ በአንድ አጻጻፍ ቢስማሙ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን አንባቢው ፍለጋው ላይ የሚጽፈውን ማስገደድ አይቻልም፣ የቀድሞ ጽሑፎችንም መለወጥ ተገቢ አይደለም። የሚቻለው ፍለጋው ብቻ በውስጡ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ነው። በገጹ ላይ የሚታየው ጽሑፍ እንዳለ ይቆያል፤ ሲፈለግ ግን «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ»፣ «ፀ» እና «ጸ»፣ ሦስቱ «ሀ»ዎችም ከነአራተኛ ፊደላቸው እኩል ይሆናሉ። ይህ ለባለሙያ ትንሽ የፊደላት ሠንጠረዥ ከማዘጋጀት ያለፈ ሥራ አይደለም።

ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው የቃሉ ቅርጽ ነው። በአማርኛ «ምርጫ» የሚለው ቃል «በምርጫው»፣ «ለምርጫ»፣ «የምርጫዎቹ»፣ «ከምርጫ» እየሆነ ይመጣል፤ ሙሉ ቃል እንዳለ ብቻ የሚፈልግ ፕሮግራም እነዚህን ሁሉ ያልፋቸዋል። ቢያንስ የተለመዱትን መነሻዎችና መድረሻዎች ቆርጦ ግንዱን የሚፈልግ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ለአማርኛ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ተሠርተዋል። ሌላው፣ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት በሌሎች የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ጽሑፎች ዛሬ ሲከፈቱ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ክምር ሆነው ይታያሉ፤ ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየሩ በምንም ፍለጋ አይገኙም። በፎቶ የተነሱ ወይም በስካን የገቡ የቀድሞ እትሞች ደግሞ ለማሽኑ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደሉም። ሁሉንም እንደገና መተየብ ይከብዳል፤ የእያንዳንዱን እትም ርዕሶችና የጸሐፊዎቹን ስም ብቻ መተየብ ግን ይቻላል፣ ከምንም በላይም ይሻላል።

ስለ አድራሻ ለውጥ አጭር ማሳሰቢያ ልጨምር። ድረ ገጹ አዲስ ገጽታ በተላበሰ ቁጥር የጽሑፎቹ አድራሻ ስለሚለወጥ፣ ሰዎች ከዓመታት በፊት ያስቀመጧቸውና በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሱ ማስፈንጠሪያዎች «404» (ገጹ አልተገኘም) ወደሚል ገጽ ይወስዳሉ። የዓለም አቀፉ ድር ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ አድራሻ መለወጥ እንደሌለበት በ1998 እ.ኤ.አ. ጽፈው ነበር። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በኒው ዮርክ ታይምስ ጽሑፎች ውስጥ ወደ ተወሰነ ገጽ ከሚጠቁሙት የውጭ ማስፈንጠሪያዎች ሩቡ የማይከፈቱ ሆነው ተገኝተዋል፤ በ1998 እ.ኤ.አ. በወጡት ጽሑፎች ውስጥ ካሉት ደግሞ 72 በመቶው። መለወጥ ግድ ከሆነ አሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ በራሱ እንዲያስተላልፍ ማድረግ የባለሙያው ግዴታ ሆኖ ውሉ ላይ ይጻፍ። ያለበለዚያ ከላይ የዘረዘርሁት ድካም ሁሉ በአንድ ሌሊት ዋጋ ያጣል።

የሰው ኃይል እጥረት እንዳለባችሁ አውቃለሁ፤ ሁሉም ጽሑፍ መነሳት እንደማይገባውም እስማማለሁ። ለአንድ ቀን ስለተዘጋ መንገድ ወይም ስለተላለፈ ስብሰባ የወጣ ዜና ባለበት ቢቀመጥ የሚጎዳ የለም፤ ለተመራማሪ በቀኑ ይገኛል። ጊዜው ያለፈበት የሕክምና ምክር ደግሞ ከመጠቆሙ በፊት መታረም አለበት፤ ካልታረመ ባይገኝ ይሻላል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከምርጫ ነው፤ ምርጫውም ከግምት መነሳት አያስፈልገውም። የድረ ገጹ መዝገብ ከዓመት በላይ የቆዩ ሆነው ዛሬም በፍለጋ የሚከፈቱት የትኞቹ ጽሑፎች እንደሆኑ ያሳያል። አንባቢው ራሱ እያገኛቸው ያሉት እነዚያ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ሁለት ሦስት ጥቆማ ማስገባት አንድ አዘጋጅ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ቢመደብለት የሚደርስበት ነው። በድረ ገጹ የፍለጋ ሳጥን ውስጥ ሰዎች ጽፈው ምንም ያላገኙባቸው ቃላት ዝርዝርም ይቀመጥ ዘንድ ባለሙያውን እዘዙ፤ ያ ዝርዝር አንዳንዴ የፊደል ችግርን፣ አንዳንዴ የመለያ ቃል ጉድለትን፣ አንዳንዴም ገና ያልተጻፈ ጽሑፍን ያመለክታል።

የርዕሰ ጉዳዮቹን ዝርዝር ለማዘጋጀት ከወሰናችሁ፣ በጤና ዐምዳችሁ ላይ ያሉትን መለያዎች አሰባስቤ፣ ተመሳሳዮቹን ወደ አንድ በማምጣት ያዘጋጀሁትን ረቂቅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ። ከስኳር ሕመሙ ተከታታይ ጽሑፍ ክፍሎች የየትኛውን ርዕስ የትኛው እንደሚከተልም በረቂቁ መጨረሻ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ለጊዜው እሱ ብቻ በየክፍሎቹ አናት ላይ ቢገባ ብዙ አንባቢዎች ሁለተኛውን ክፍል ያገኙታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ